ስለ አንዲት ማታ ማዕድ
በመዝናኛ ከተማ ውስጥ የላቀ ምግብ ቤት ለሚመርጡ ቤተ ሰቦች

ከቤተ ሰቡ ጋር ለመዝናናት ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ገንዘቡ በምን በምን እንደሚወጣ አስቀድሞ ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። የጕዞው፥ የማደሪያውና የመግቢያው ቲኬት ዋጋ በወረቀት ላይ ተጽፎ ይደመራል፤ ቍርሱና ምሳውም እንደ ነገሩ በዳቦና በድንች ጥብስ እንዲታለፍ ይወሰናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ከባልና ከሚስት አንዱ፥ ብዙ ጊዜም ሚስቲቱ፥ «አንድ ማታ እንኳ ተረጋግተን ተቀምጠን እንብላ» ማለቷ አይቀርም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች አንዲት ማታ ነው።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የዓመት ቍጠባቸውን ይዘው ከሄዱት መካከል ከጕዞው ሁሉ ይልቅ በዚህችው ማታ አዝነው የተመለሱ ሰዎች እናውቃለን። እኛም ለጥቂት ጊዜ ከእነርሱ እንደ አንዱ ልንሆን ደርሰን ነበርና፥ ያየነውን ለአንባብያን መግለጽ የሚጠቅም መስሎ ታየን።

በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የምትኖር፥ በሐኪም ቤት የሌሊት ነርስ የሆነች አንዲት ዘመዳችን አለች። የ11 ዓመት ወንድ ልጅና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አሏት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እናቷ፥ ሁላችን «አደይ» ብለን የምንጠራቸው፥ ከመቀሌ መጡላት። በጦርነቱ ዘመን ስልክ ተቋርጦ ብዙ ወራት ድምፃቸውን እንኳ ሳትሰማ የቈየች ልጅ እናቷን ስታገኝ ምን እንደሚሰማት ለአንባቢ መተው ይሻላል። ከልጆቹ ጋር ፍሎሪዳ ወስዳ ልታሳያቸው አሰበች። ከዚያም በላይ፥ ከደመወዟ እየቈነጠረች 500 ዶላር በአንድ ፖስታ ውስጥ አኖረችና በፖስታው ላይ በገዛ እጇ «ለእናቴ ማዕድ» ብላ ጻፈችበት። ባለቤቷ ከሥራው ፈቃድ ስላላገኘ፥ እኛም በዚያ ወራት ለሥራ ጉዳይ ዋሽንግተን ነበርንና፥ አብረናቸው እንድንሄድ ለመነችን። የምግብ ቤቱን ምርጫ ደግሞ ለእኛ ተወችው። ሰው ሌሊት ሠርቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚወጣበትን መንገድ መምረጥ ከባድ አደራ መሆኑን ያወቅነው በዚያን ጊዜ ነው።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የእኛውን ክረምት ከሚመለከቱት በቀር፥ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመዝናኛ ከተማና ጥሩ ምግብ የማይገናኙ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን በ1843 የተከፈተው ቲቮሊ የተባለው መናፈሻ ሕዝቡ የሚዝናናበትን ያህል እራቱንም የሚበላበት ቦታ ነው፤ ኒምብ የሚባለው በምሥራቃውያን ግንብ አምሳል የተሠራው ቤት ከ1909 ጀምሮ በውስጡ ቆሟል። ዋልት ዲስኒም በ1951 ይህን መናፈሻ ጐብኝቶ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመን ግን የወይዘሮ ኮርዴሊያ ኖት ነገር ነው። ይህች ሴትና ባሏ ዋልተር ኖት በካሊፎርኒያ ቡዌና ፓርክ በተባለች ስፍራ እንጆሪን የሚመስል ፍሬ እያለሙ በመንገድ ዳር የሚሸጡ ገበሬዎች ነበሩ። በ1934፥ አሜሪካ በገንዘብ እጦት በተጨነቀችበት ዘመን፥ ወይዘሮ ኮርዴሊያ ለሠርጓ የተሰጣትን ሳሕን አውጥታ ለ8 እንግዶች የዶሮ ጥብስ አቀረበች። የአንዱ ሰው ሒሳብ 65 ሳንቲም ነበር። ዝናው ወጣና የሚመጣው ሰው እየበዛ ሄደ፤ ተራ የሚጠብቀውም ሰዓታት መቆም ጀመረ። ዋልተር ኖትም ተራ ጠባቂው እንዳይሰለች ብሎ በ1940 የጥንቱን የምዕራብ አሜሪካ ከተማ የሚመስል መንደር በእርሻው ላይ መሥራት ጀመረ። ዛሬ ኖትስ ቤሪ ፋርም ተብሎ የሚታወቀው ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ የተወለደው ከዚህ ነው። እንግዲህ መንኰራኵሩና ባቡሩ የመጣው ለዶሮው ሲባል እንጂ ዶሮው ለባቡሩ ሲባል አልነበረም። የወይዘሮዪቱም ምግብ ቤት እስከ ዛሬ ከመናፈሻው በር አጠገብ ይገኛል።

እኛ የሄድነው ግን ወደ ፍሎሪዳው ዋልት ዲስኒ ወርልድ ነው። ይህ ስፍራ በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ በ1971 የተከፈተ ሲሆን፥ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በውስጡ አራት ታላላቅ መናፈሻዎች አሉ፤ ማጂክ ኪንግደም ከመጀመሪያው ጀምሮ፥ ኤፕኮት ከ1982፥ ሆሊውድ ስቱዲዮስ ከ1989፥ አኒማል ኪንግደም ደግሞ ከ1998 ጀምሮ። ከእነዚህም ሌላ ብዙ ሆቴሎች አሉበት። ስለ ምግብ ለሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው ዕውቀት ይህ ነው፤ በመናፈሻው ውስጥ ያለ ምግብ ቤት የመናፈሻውን መግቢያ ቲኬት ይጠይቃል፤ በሆቴሎቹ ውስጥ ያለው ግን አይጠይቅም። የአንድ ቀን ቲኬት ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ አምስት ሆኖ ለእራት ብቻ መናፈሻ መግባት እራቱን ሳይቀምሱ 500 ዶላር እንደ ማውጣት ነው። ስለዚህ ታላቁን እራት መናፈሻ በማይገቡበት፥ እግር በሚያርፍበት ቀን፥ ከሆቴሎቹ በአንዱ ማድረግ የተሻለ ነው። ለእራት ጠረጴዛ ያስያዘ ሰው መኪናውንም በሆቴሉ ያለ ክፍያ ያቆማል።

ዘመዳችን በመጀመሪያ የፈለገችው ከሁሉ የላቀውን ነበር። ይህም ግራንድ ፍሎሪዲያን በተባለው ሆቴል ውስጥ በ1988 የተከፈተው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርትስ ነው። በ2000 የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር ከፍተኛውን የአምስት አልማዝ ማዕረግ ሰጠው፤ በ2024 ደግሞ ሚሽሌን የሚባለው የፈረንሳዮች መጽሐፍ አንድ ኮከብ ሰጥቶታል። ምግቡ ትንንሽ ሆኖ ብዙ ጊዜ በየተራ ይቀርባል፤ በእኛ በገና ዘር የሚቈጠረው ሀርፕ በቀስታ ይደረደርበት ነበር፤ እንግዶቹም የክብር ልብስ ለብሰው ይገባሉ። በወረርሽኙ ምክንያት በ2020 ተዘግቶ በ2022 ሲከፈት የአንድ ሰው ዋጋ 295 ዶላር ነበር።

(የንግሥት ቪክቶሪያን ስም በምግብ ቤት በር ላይ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኙ የቀሩት ከዚህችው ንግሥት ነው፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም በ1879 በአገሯ ሞቶ በዊንድዘር ተቀብሯል። ይህ የምግቡ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ስሙን ያነበብነው እራት አስበን ሳለ ትዝ ያለን የትምህርት ቤት መጽሐፋችን ነው።)

ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። ዘመዳችን፥ አደይ፥ ወንዱ ልጅና እኛ አራት ሰዎች፥ በ295 ዶላር ሒሳብ 1,180 ዶላር ይሆናል። በዚያ ላይ የአገሩ ቀረጥ በመቶ ስድስት ተኩል ሲጨመር 76 ዶላር ከ70 ሳንቲም፤ የአሳላፊዎቹ ጉርሻ በመቶ ሃያ ቢታሰብ 236 ዶላር፤ በጠቅላላው 1,492 ዶላር ከ70 ሳንቲም። የወይን ጠጅ ገና አልተነካም። ከዚህም በላይ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደዚያ አይገባምና ትንሺቱ ልጅ በደጅ ልትቀር ነው። ዘመዳችን ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመለከተችና «እንግዲያው ይህ ለሙሽሮች ነው» አለች። እውነቷን ነው። ባልና ሚስት ብቻቸውን ለሃያኛው የጋብቻ ዓመታቸው ቢሄዱበት ገንዘባቸው ያለ አገባብ ጠፋ አንልም። አያትና የልጅ ልጅ ላለበት ማዕድ ግን አይሆንም።

ትንሺቱ ልጅ በበኩሏ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሲንደሬላ ግንብ ውስጥ መብላት። በማጂክ ኪንግደም መካከል ባለው ግንብ ውስጥ በእርግጥ ሲንደሬላ ሮያል ቴብል የተባለ የመመገቢያ አዳራሽ አለ፤ ልዕልቲቱም እንግዶቿን ትቀበላለች። ዋጋው ገና ጠረጴዛ ሲያዝ አስቀድሞ ይከፈላል። አሳባችንን ያለ መሸፋፈን እንናገር፤ በዚያ ቤት የሚከፈለው ለሥጋው ሳይሆን ለልዕልቲቱ ነው። ይህን ዐውቆ ልጁን ለማስደሰት የሚከፍል አባት አይወቀስም። የላቀ ምግብ እበላለሁ ብሎ የሚገባ ግን ያዝናል። ልጅቱን ሲንደሬላ በሌላ ቦታ እንደምትገኝ ነግረን አባበልናት።

ኮንቴምፖራሪ በተባለው ሆቴል በ15ኛው ፎቅ ላይ በ1995 የተከፈተው ካሊፎርኒያ ግሪል ቀጥሎ ታሰበ። ከሰገነቱ ላይ የማጂክ ኪንግደም ርችት ወለል ብሎ ይታያል፤ ሙዚቃውም እዚያው ድረስ ይሰማል። በጊዜ እራቱን በልቶ የወረደ ሰው እንኳ የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ርችቱ ሲደርስ ተመልሶ ወደ ላይ ለመውጣት ይችላል። በ2021 በየተራ የሚቀርብ የሦስት ምግብ እራት በ89 ዶላር መስጠት ጀመረ። እንዲህ ያለው ቍርጥ ዋጋ ለቤተ ሰብ ያለው ችግር ጥቂት የሚበላም ብዙ የሚበላም እኩል መክፈሉ ነው። ደግሞም በዚያ አገር የልጅ ዋጋ ከ3 እስከ 9 ዓመት ላለው ብቻ ስለ ሆነ፥ የ11 ዓመቱ ልጃችን እንደ ጐልማሳ ሊቈጠር ነው።

በኤፕኮት ዐሥራ አንድ አገሮች በየድንኳናቸው ይታያሉ፤ ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት። በካናዳ በኩል ያለው ለ ሴሊየ በጥብስ ሥጋውና በፎርማጆ ሾርባው የታወቀ ነው። በፈረንሳይ በኩል ታላቁ ወጥ ሠሪ ፖል ቦኩዝ በጓደኞቹ ረዳትነት በ1982 መሠረት ጥሎ ነበር፤ በ2012 የተከፈተው የላይኛው ፎቅ ምግብ ቤትም ሞንሲዩር ፖል ተብሎ በእርሱ ስም ተጠራ። በጃፓን በኩል በ2019 የተከፈተ ታኩሚ ቴይ የሚባል ቤት አለ። እነዚህ ሁሉ የመናፈሻውን ቲኬት ይጠይቃሉ። ስለ ጥብስ ካነሣን አንድ ቃል እንጨምር፤ አሳላፊው ሥጋው እንዴት ይብሰል ብሎ ሲጠይቅ «ጥሬ ይሁን» ብሎ የሚቀልድ የአገራችን ሰው አይጠፋም። የእነርሱ ያልበሰለ የሚባለው እንኳ እሳት የነካው ነውና፥ የክትፎ ናፍቆቱን እዚያ አወጣለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ቢኖር ተስፋውን ይተው።

ስለ ወይን ጠጅ የሚያስብ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። በማጂክ ኪንግደም እስከ 2012 ድረስ የሚያሰክር መጠጥ ጨርሶ አይሸጥም ነበር። በፓሪስ አጠገብ በ1992 የተከፈተው ዲስኒላንድም በዚሁ ልማድ ቢጀምር ፈረንሳዮች ያለ ወይን ጠጅ ምሳ እንዴት ይበላል ብለው አጕረመረሙ፤ በ1993 ተፈቀደላቸው።

አሁን ለእኛ ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ ወደሚከብደው ነገር እንመለስ። የአሜሪካን ትምህርት ቤቶች ዕረፍት ከኦርቶዶክሳውያን አጽዋማት ጋር አስተያይቶ የተመለከተ ሰው ይደነቃል። የታኅሣሥ ዕረፍታቸው በጾመ ነቢያት ይውላል። የጸደዩ ዕረፍታቸው አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾምን አያልፍም። ክረምቱ ሲመጣ ጾመ ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5 ይቈያል፤ ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። እንግዲህ ጾመኛ እናት ይዞ የሚሄድ ሰው የቀረው ከሐምሌ 5 በኋላ ያለው ወር ያልሞላ ጊዜ ነው፤ ከእርሱም ረቡዕና ዓርብ ይቀነሳል። እኛም ይህን አይተን ጕዞውን በሐምሌ አጋማሽ፥ እራቱን በሐሙስ ቀን አደረግነው። ሌላ ጊዜ መሄድ ግድ የሆነበት ሰው ግን መላ የለውም ማለት አይደለም። ከ2019 ጀምሮ በዚያ ስፍራ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ትንሽ የቅጠል ምልክት ይደረጋል፤ ይህ ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋ፥ ወተት፥ ዕንቍላልና ማር የለበትም። ማሩን እንኳ ጾማችን አይከለክለንም፤ እነርሱ ግን ከእኛ ይልቅ አጥብቀዋል። የእስልምና ተከታዮች የሆኑ ወገኖቻችንም ጠረጴዛውን ሲያስይዙ ስለ ሥጋው አስቀድመው ቢጠይቁ ይሻላል፤ እዚያው ደርሶ መጠየቅ ለራስም ለአሳላፊውም ጭንቅ ነው።

ጠረጴዛ የሚያዘው 60 ቀን አስቀድሞ ነው። ዘመዳችን በስድሳኛው ቀን ከሌሊት ሥራዋ ስትመለስ፥ ገና ጎሕ ሲቀድ፥ መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ በስልኳ አስያዘች። የባንክ ካርድ ቍጥር ይሰጣል፤ ሳይሰርዝ ለቀረ ሰው ብዙውን ጊዜ በነፍስ ወከፍ 10 ዶላር ይቈረጥበታል። በከፍተኞቹ ቤቶች ቅጣቱ ከዚህ ይበልጣል። ምንም ቦታ የለም ቢባልም ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ ሰው አሳቡን የሚለውጠው በመጨረሻው ቀን ነውና፥ በዋዜማው ደጋግሞ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ያገኛል።

በስፍራው በደረስን በሁለተኛው ቀን አንድ ጥፋት አደረግን። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ የታወቀ ምግብ ቤት፥ ከዋናው እራት ሌላ፥ እንዲሁ ለመሞከር ብለን ጠረጴዛ ጠየቅን። የተገኘው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር፤ ተቀበልን። ልጆቹ ከጧት ጀምረው በፀሐይ ሲሮጡ የዋሉ ናቸው፤ ከቀትር በኋላም ዶፍ ዝናብ አርሶናል። የፍሎሪዳ ክረምት እንደ አዲስ አበባ ክረምት ከሰዓት በኋላ ነጐድጓድ አያጣም። ጠረጴዛችን እስኪሰናዳ ሌላ አርባ ደቂቃ ቆምን። ሾርባው ሲመጣ ትንሺቱ ልጅ ራሷን በናፕኪኑ ላይ አድርጋ ተኝታ ነበር። ወንዱ ልጅ አንኰርፏል። አደይ ምግቡን አንድ ጊዜ ቀምሰው የልጅቱን እግር ማሻሸት ያዙ። 140 ዶላር ከፍለን ልጅቱን በጀርባችን አዝለን ወጣን። ዘመዳችን በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረችም። ገንዘቡ ከፖስታው ውስጥ አልነበረም፤ ቢሆንም የእኛን ምክር ማመኗን ስትጠራጠር ተሰማን።

ከዚያች ማታ የተማርነው ሰዓት ከምግቡ ዓይነት ይበልጥ ዋጋ እንዳለው ነው። ልጅና ሽማግሌ ያለበት ቤተ ሰብ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በፊት ወይም በዚያው አካባቢ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ምሳውንም በጥቂቱ አልፎ፥ ከቀትር በኋላ ተኝቶ፥ ታጥቦ ይምጣ። በዚያ ሰዓት ወጥ ቤቱ አልደከመም፤ አሳላፊውም ገና ፈገግ ይላል።

ለዋናው እራት የመረጥነው በአኒማል ኪንግደም ሎጅ ውስጥ በ2001 የተከፈተውን ጂኮ የተባለውን ቤት ነበር። ጂኮ በስዋሂሊ ምድጃ ወይም ማብሰያ ስፍራ ማለት ነው። ወጥ ቤቱ ከአዳራሹ ይታያል፤ ሁለት ትልልቅ ምድጃዎች በእንጨት ይነዱበታል። ከጣራው ላይ ወፎችን የሚመስሉ መብራቶች ይንሳፈፋሉ፤ የወይን ጠጁ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ግን ምድጃውም ወይኑም አልነበረም። ሆቴሉ የተሠራው በሰፊ መስክ ዙሪያ ሲሆን በመስኩ ላይ ቀጭኔ፥ የሜዳ አህያና ሌሎችም እንስሳት ይሰማራሉ። እራት የሚበላ ሰው ቀድሞ ደርሶ ከመመልከቻው ላይ ያለ ምንም ክፍያ ሊያያቸው ይችላል። በዚያው ግቢ ከ2009 ጀምሮ ያለ፥ ዋጋው ዝቅ ያለ፥ ሳና የሚባል ቤትም አለ፤ በልዩ ልዩ ማጥቀሻ የሚቀርበው ዳቦው የተመሰገነ ነው፤ ከመስኮቱም ቀጭኔ ይታያል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ወደዚያ ቢሄድ ምንም የሚቀርበት አይመስለንም።

አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን። ዝናቡ አባርቶ መስኩ ያበራል። አደይ ነጠላቸውን አጣፍተው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ቀጭኔን በሕይወታቸው አይተው አያውቁም ነበር፤ ከአፍሪካ ተነሥተው ውቅያኖስ ተሻግረው የአፍሪካን አውሬ ማየታቸው ለእኛ አስቂኝ ነበር፤ ለእርሳቸው ግን አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ የወደዱት አንኮሌ የተባሉትን ባለ ትልልቅ ቀንድ ከብቶች ነው። ብዙ አዩአቸውና «የራያ በሬ ቀንድ ነው፤ ይህኛው ግን ያለ ሥራ ወፍሯል» አሉ። ትንሺቱ ልጅ ሲንደሬላን ረስታ በጐናቸው ቆማ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከተቀመጥን በኋላ ነው። አደይ የምግቡን ዝርዝር ለወንዱ ልጅ ሰጡትና ዋጋውን በብር እንዲነግራቸው አዘዙት። ልጁ በሒሳብ ጐበዝ ነውና ሳይዘገይ፥ የአንዱ ሳሕን ሥጋ ከ2,700 ብር በላይ መሆኑን ነገራቸው። አደይ ዝርዝሩን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እኔ ጾመኛ ነኝ በሏቸው» አሉ። ቀኑ ሐሙስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዘመዳችን ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። በዚያ በክፉው ዘመን እናቷ በመቀሌ ምን ይበሉ እንደ ነበረ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃቸው እንደማታውቅ፥ እርሳቸውም ነግረዋት እንደማያውቁ፥ ለእኛ ቀደም ብላ ነግራን ነበር።

እኛም ምን እንደሚባል ስለ ጠፋን አሳላፊዋን ጠርተን፥ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሳሕን መሆኑን ትተን፥ ዳቦውን ከነማጥቀሻው፥ አንድ ዓሣ፥ አንድ ሥጋና የቅጠል ምልክት ያለበትን አንድ ምግብ በመካከል እንድታደርግልን፥ ባዶ ሳሕንም እንድትጨምር ለመንናት። ይህን በድፍረት እንድትጠይቁ እንመክራለን። በከፍተኛ ምግብ ቤት ውስጥ ሰው የሚያፍረው ብዙ ጊዜ ከማይከለከል ነገር ነው። ልጅቱ ምንም አልከበዳትም፤ «ወጥ ቤቱም ይህን ይወድዳል» ብላ ሄደች።

ማዕዱ በመካከል ሲቀመጥ ነገሩ ተለወጠ። አደይ ዳቦውን ባርከው ቈረሱ፤ ዓሣውን በሹካ ሳይሆን በጣታቸው ከአጥንቱ ለዩት፤ አጥቅሰውም የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጃቸው ሰጡ። ዘመዳችን የ39 ዓመት ሴት ናት። በአሳላፊዎቹ ፊት አፏን ከፍታ ጐረሰች። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተራ ያዙ፤ እኛም አልቀረንም። ስለ ምግቡ ጣዕም መናገር የሚገባን ከሆነ፥ ሥጋው ለስላሳ፥ ማጥቀሻዎቹ ከበርበሬያችን ጋር ዘመድ የሆኑ፥ ቡናው ግን ቀጭን ነበር። አደይም ስለ ቡናው ከእኛ የባሰ ተናገሩ።

በዚህ ላይ አንድ ትንሽ ዘዴ እንጨምር። በእንግድነት የተጋበዘ ሽማግሌ ሒሳቡን እንዳያይ የሚፈልግ ሰው ካርዱን ከመቀመጡ በፊት ለአሳላፊው ይስጥ፤ ወረቀቱም ወደ ጠረጴዛ እንዳይመጣ ይንገር። ስድስትና ከዚያ በላይ ሆነው ለሚመጡ ጉርሻው በመቶ 18 ሆኖ በሒሳቡ ላይ ይታሰባልና፥ ሳያውቁ ሁለት ጊዜ እንዳይሰጡ ወረቀቱን ማንበብ ያስፈልጋል። ዘመዳችን እንደ መከርናት ተነሥታ በጓዳ በኩል ከፈለች። ምግቡ 250 ዶላር፥ ቀረጡ 16 ዶላር ከ25 ሳንቲም፥ ጉርሻው 50 ዶላር ሆነ።

ምክራችን ግን በልጁ ሒሳብ ፊት አልቆመም። ልጁ በዝርዝሩ ላይ ያለውን በአሳቡ ሲደምር ቈይቶ ኖሮ፥ ወደ መኪናው ስንሄድ ለአያቱ ወደ 17,000 ብር መሆኑን ነገራቸው። አደይ በመንገዱ መካከል ቀጥ ብለው ቆሙ። «ሁለት በግ!» አሉ። እኛ ደነገጥን፤ ዘመዳችንም የሚቈጧት መስሏት ዝም አለች። እርሳቸው ግን መሳቅ ጀመሩ፤ እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። «ሁለት በግ በልተን አጥንት እንኳ አልተረፈን» አሉ። የተረፈው ዳቦ ብቻ ነበርና እርሱን በወረቀት አስጠቅልለው ለአማቻቸው ይዘውለት ነበር።

ማታ በማደሪያችን ዘመዳችን ፖስታውን አውጥታ የቀረውን ቈጠረች፤ 183 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። አደይ እጃቸውን ዘረጉና ተቀበሏት። እርሳቸውም ደግመው ቈጥረው፥ በፖስታው ላይ የተጻፈውን ልጁን አስነብበው፥ ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«ይህ አንዱን በግ ይመልሳል» አሉ።